ማውሱ ቀጥ ሲል፡- በሊነክስ ኮምፒውተር ላይ ምልክትን ከበሽታ መለየት

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ተማሪዋ ሊነክስ በተጫነበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ታርማለች። ድንገት በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ካለበት አልንቀሳቀስ ይላል። ማውሱን ወዲያና ወዲህ ብታደርገው፣ ብታነሣው፣ ጠረጴዛው ላይ ብታንኳኳው ለውጥ የለም። በተለምዶ «ስታክ አደረገ» የምንለው ነገር ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣት ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ተገዶ ይጠፋል፤ ተመልሶም ይበራል። ሥራው ለጊዜው ይቀጥላል፤ በማግስቱ ግን ያው ችግር ይመለሳል።

በዚህች አጭር ድርጊት ሁለት ነገሮች ይጠፋሉ። አንደኛው ከመጨረሻው «ሴቭ» ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ደግሞ ማስረጃው ነው። ኮምፒውተሩ በቆመበት ቅጽበት የትኛው ክፍሉ ይሠራ፣ የትኛው ደግሞ ቆሞ እንደ ነበር ሊነግረን የሚችለው ነገር ከኤሌክትሪኩ ጋር አብሮ ይሄዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ በየጊዜው የምናጠፋው ኮምፒውተርም በሽታውን ደብቆ እንዲኖር የምናደርገው እኛው ነን። በዚህ ጽሑፍ ማውስ ሲቆም የሚመጣውን ስሕተት ምንነት፣ መንስኤውንም ደረጃ በደረጃ የምናገኝበትን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን።

ከእጅ እስከ ስክሪን ያለው መንገድ

የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት የተሠራና በሥሩ ሁለት ጎማዎች ያሉት ትንሽ ሣጥን ነበር። ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 ሠሩት፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለተሰበሰቡ ባለሙያዎች ታየ። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ቢለወጥም ተግባሩ አልተለወጠም፤ ይኸውም የእጅን እንቅስቃሴ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው።

የዛሬው ኦፕቲካል ማውስ በሥሩ ባለች አነስተኛ ካሜራ የጠረጴዛውን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ እያነሣ ምስሎቹን ያነጻጽራል፤ ከልዩነታቸውም በየት አቅጣጫ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ ያሰላል። ቁጥሮቹ በኬብል ወይም በሬዲዮ ሞገድ ወደ ኮምፒውተሩ ይሻገራሉ። ተራ የዩኤስቢ ማውስ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ኮምፒውተሩ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 125 ጊዜ ያህል፣ አዲስ ነገር እንዳለው ይጠይቀዋል። መልሱን የሚቀበለው ከርነል ነው። ከርነል ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 መጻፍ የጀመረው፣ ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሊነክስ እምብርት ነው። በከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር ቁጥሮቹን ተርጉሞ ለግራፊክስ አስተናጋጁ ያስረክባል። ይህ አስተናጋጅ በቀድሞዎቹ ሲስተሞች ኤክስ የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ሲሆን፣ በአሁኖቹ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረውን የዌይላንድን ሥርዓት የሚከተል ፕሮግራም ነው። በመጨረሻም የግራፊክስ ካርዱ ቀስቱን በአዲሱ ቦታ ላይ ያሳያል።

እንግዲህ የእጃችን መልእክት ስክሪኑ ላይ እስኪደርስ ብዙ ተቀባባዮች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ ቢዘገይ ወይም ቢቆም እኛ የምናየው ውጤት አንድ ዓይነት ነው፤ ቀስቱ አይንቀሳቀስም። ስለሆነም «ማውሱ ቆመ» ማለት «በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ መልእክቱ ተቋርጧል» ማለት እንጂ «ማውሱ ተበላሸ» ማለት አይደለም። ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል እንደማይባል ሁሉ፣ የቆመ ቀስትም ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም።

ከማጥፋት በፊት ሦስት ጥያቄዎች

ቀስቱ ሲቆም ኮምፒውተሩን ከማጥፋታችን በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሦስቱም ተደምረው ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስዱም።

አንደኛ፡- በስክሪኑ ላይ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አለን? የማዕዘኑ ሰዓት ደቂቃ ይቀይራል? የተከፈተው ሙዚቃ ይሰማል? ሰዓቱ እየሄደ ቀስቱ ብቻ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ማውሱና ወደ መገናኛው ይጠባል። ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ በሙሉ ከደረቀ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክሱ ያዘነብላል።

ሁለተኛ፡- ኪቦርዱ ይታዘዛል? የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲነካ መብራቷ ከበራችና ከጠፋች ከርነሉም የግራፊክስ አስተናጋጁም በሥራ ላይ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ወዲያውኑ ኮንትሮልንና ኤስን በአንድነት ተጭኖ ጽሑፉን ማስቀመጥ ይገባል፤ ማውስ ባይኖርም ሥራው ይድናል። መብራቷ ባትታዘዝ ግን ከርነሉ ሞቷል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የቆመው የግራፊክስ አስተናጋጁ ብቻ ሊሆን ይችላልና። በአንዳንድ ኪቦርዶች ላይ መብራቶቹ ማንም ሳይነካቸው ብልጭ ድርግም ካሉ ግን ከርነሉ ራሱ መውደቁን ያመለክታል።

ሦስተኛ፡- ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 በአንድነት ሲጫኑ የጽሑፍ ተርሚናል ይከፈታል? ሊነክስ ከግራፊክሱ ጎን ለጎን ጽሑፍ ብቻ የሚያሳዩ ተርሚናሎች አሉት። ይህ ከተከፈተ ኮምፒውተሩ ሕያው ነው፤ የተጠቃሚ ስምንና የይለፍ ቃልን አስገብቶ «ቶፕ» በሚለው ትእዛዝ የትኛው ፕሮግራም ሲስተሙን እንደ ያዘው ማየትና ያንን አንዱን ብቻ ማስቆም ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በአብዛኞቹ የግራፊክስ ካርዶች ቀስቱ ከቀሪው ምስል ተለይቶ፣ በላዩ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ሆኖ ነው የሚታየው። በመሆኑም ቀስቱ እንደ ልብ እየተንቀሳቀሰ ከሥሩ ያሉት መስኮቶች ሁሉ ደርቀው ሊገኙ ይችላሉ። የቀስቱ መንቀሳቀስ የሲስተሙ ጤንነት ማረጋገጫ አይደለም፤ መቆሙም የማውሱ በሽታ ማረጋገጫ አይደለም።

አራቱ ተጠርጣሪዎች

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማውሱና መገናኛው ነው። ኬብሉ ከታጠፈበት አካባቢ ውስጥ ውስጡን ሊቆረጥ፣ ፖርቱም ሊላላ ይችላል። ገመድ አልባ ማውስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት የሬዲዮ ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በዚሁ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ እንደሚፈጥር አሳይቷል። ስለዚህ ትልቅ ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ ስንገለብጥ ማውሱ የሚንተፋተፍ ከሆነ፣ ትንሿን ተቀባይ ከዲስኩ ማራቅ ወይም በአጭር ማስረዘሚያ ገመድ ወደ ፊት ማምጣት ብቻውን መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ሌላው ኃይል ቁጠባ ነው። ሊነክስ ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ዕቃን ማስተኛት ይችላል፤ ከርነሉ በነባሪነት የሚጠብቀው ጊዜ 2 ሰከንድ ነው። ማውስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነፃ ቢሆንም ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራሞች ሊያካትቱት ይችላሉ። ጥቂት ካረፈ በኋላ የሚደርቅና ሲጫኑት የሚነቃ ማውስ ካጋጠመን፣ በቆጣቢው ፕሮግራም ውስጥ የማውሱን ቅንብር ከ«አውቶ» ወደ «ኦን» መለወጥ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የራም ማነስ ነው። ራም ሲሞላ ከርነሉ ለጊዜው ያልተፈለጉትን ገጾች ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ሲፈለጉም ይመልሳል። ከራም አንድ ነገር ለማንበብ 100 ናኖሰከንድ ያህል ሲበቃ፣ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለማንበብ ግን 10 ሚሊሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ፕሮግራሞቹ በአንድ ጊዜ የሚፈልጉት ከራሙ በላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ጊዜውን ሁሉ ገጽ በማውጣትና በማስገባት ያጠፋል። ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ሁኔታና መከላከያውን በሰፊው ተንትኖታል። ቀስቱም የሚቆመው እንቅስቃሴውን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ራሱ የሚፈልገው ገጽ ከዲስክ እስኪመለስ ስለሚጠብቅ ነው። ምልክቱ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ መብራቷ፣ ቀስቱም በረጅም ጊዜ አንዴ ዘለል ማለቱ ነው። መድኃኒቱ በኢንተርኔት ማሰሻው የተከፈቱትን ገጾች መቀነስ፣ ሲቻልም ራም መጨመር እንጂ ማውስ መግዛት አይደለም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ዲስኩ ነው። ዲስኩ መልስ ሲያጣ ከርነሉ ለአንድ ትእዛዝ በነባሪነት እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያም መገናኛውን እንደ አዲስ ያስነሣል። በዚህ ጊዜ ከዲስክ አንዳች የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ ቀጥ ይላል። ለሰከንዶች ደርቆ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ኮምፒውተር ካጋጠመን ዲስኩን መጠርጠር ይገባል።

አራተኛው ተጠርጣሪ የግራፊክስ ካርዱና ድራይቨሩ ነው። ድምፁ ቀጥሎ ስክሪኑ ከደረቀና ችግሩ የመጣው ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚታየው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ መሞከር ጥሩ ፈተና ነው። በቀድሞው ካልተደገመ መንስኤው ወደ አዲሱ ከርነል ወይም ወደ ድራይቨሩ ይጠቁማል።

መዝገቡ ምን ይላል?

ሊነክስ የሚያጋጥመውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ትእዛዝ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ በሚሉ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን፣ በአንዳንድ ሲስተሞች የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። በአሁኖቹ ሲስተሞች ደግሞ ጆርናል በሚለው ቃል ላይ ሲ፣ ቲ፣ ኤል የሚጨመርበት ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ «ጭረት ቢ»ና «ጭረት 1» ሲከተሉት ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ጊዜ የተመዘገበውን ያሳያል። ለዚህ ግን መዝገቡ በዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ያም ሆኖ ተገዶ የጠፋ ኮምፒውተር የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል። ማጥፊያውን ቁልፍ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ አማራጭ እንዳናደርገው የምንመክረውም ስለዚህ ነው።

እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ይነግረናል፤ መቼ፣ ማን፣ ምን። ጀማሪዎች የሚቸኩሉት ወደ «ምን» ነው፤ ዋናው ቁልፍ ግን «መቼ» ነው። በጤነኛ ኮምፒውተርም በተነሣ ቁጥር የሚደጋገሙ፣ ጉዳት የሌላቸው የስሕተት መልእክቶች አሉ። ቀይ መስመር ሁሉ በሽታ አይደለም። የምንፈልገው ማውሱ በቆመበት ደቂቃ የተጻፈውን፣ በሌላ ጊዜ ግን የማይታየውን መስመር ነው። ስለዚህ ማውሱ በቆመ ቁጥር ሰዓቱን በወረቀት ላይ መጻፍ ከማንኛውም ፕሮግራም የሚበልጥ መሣሪያ ነው።

አንዳንድ ቁጥሮችን ማወቅ ይጠቅማል። ከዩኤስቢ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ስሕተት -71 በዕቃውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ንግግር መዛባቱን፣ -110 ደግሞ መልስ ሲጠበቅ ጊዜው ማለፉን ያመለክታል። ሁለቱም ደጋግመው ከታዩ መጀመሪያ ኬብሉን፣ ፖርቱንና የኃይል አቅርቦቱን መፈተሽ ይገባል። ብዙ ዕቃ በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ የራሱ ኃይል ሳይኖረው መጠቀም የተለመደ ምክንያት ነው።

ክብ መሰኪያ ባላቸው የፒኤስ ቱ ማውሶችና በብዙ ላፕቶፖች የጣት ሰሌዳ ላይ ደግሞ «ሎስት ሲንክሮናይዜሽን» የሚል መልእክት ይመጣል። ትርጉሙ ቀላል ነው። መሠረታዊው የፒኤስ ቱ ማውስ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በ3 ባይት ይልካል። በመጀመሪያው ባይት ውስጥ አራተኛው ቢት ሁልጊዜ 1 ነው። አንድ ባይት በመንገድ ቢጠፋ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያ ይነበባል፤ ቀስቱም ወደማናውቀው ማዕዘን ይፈናጠራል። ድራይቨሩ ያን ቢት በቦታው ሲያጣ መዛባቱን ተረድቶ የተቀሩትን ባይቶች ይጥልና እንደገና ይጀምራል። ይህች አንዲት ቢት በተከታታይ የሚፈስ መረጃ የት እንደሚጀምር ለማወቅ ምልክት ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ጥሩ ትምህርት ትሰጠናለች።

አንድ ገጠመኝ

በአንድ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ስንሠራ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ማውሱ የሚቆም አንድ ዴስክቶፕ ነበረ። መጀመሪያ ማውሱን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ «ችግሩ የሊነክስ ነው» ተብሎ ሲስተሙ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተጫነ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም ብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፈና ማውሱ በቆመ ቁጥር ሰዓቱ እንዲጻፍበት ተስማማን። አምስት ሰዓቶች ከተመዘገቡ በኋላ ከመዝገቡ ጋር ብናስተያያቸው በአምስቱም ደቂቃዎች የተጻፈው ስለ ማውሱ አንድም ቃል አልነበረም፤ የዲስኩ መገናኛ ተቋርጦ እንደ አዲስ መነሣቱን የሚናገር ነበር።

ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤንነት የሚይዙት «ስማርት» የተባለ መዝገብ አለ። በዚህ መዝገብ ቁጥር 5 እና ቁጥር 197 የዲስኩን ገጽ መጎዳት ሲያመለክቱ፣ ቁጥር 199 ግን በዲስኩና በቦርዱ መካከል በሚተላለፈው መረጃ ላይ የደረሰውን ስሕተት ይቆጥራል። በእኛ ዲስክ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዜሮ ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን ከቀን ወደ ቀን ያድግ ነበር። ስለዚህ የታመመው ዲስኩም አልነበረም፤ የመረጃ ኬብሉ ነበር። ኬብሉ ሲቀየር ቁጥሩ ባለበት ቆመ፤ ማውሱም ዳግመኛ አልቆመም። ለሳምንታት ያህል ማውስ ስንቀይርና ሲስተም ስንጭን የነበረው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ መለወጥ አይገባም። ማውሱን፣ ፖርቱንና ድራይቨሩን አንድ ላይ ቀይረን ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንዳዳነን አናውቅም፤ ሲመለስም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሁለተኛ፣ ዲስክ በተጠረጠረበት ሁሉ ከማንኛውም ምርመራ በፊት ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቀድማል።

ማጥፋት ግድ ሲሆን

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነስ? ያን ጊዜም ቢሆን ከማጥፊያው ቁልፍ የሚሻል መንገድ አለ። ከርነሉ ሕያው እስከ ሆነ ድረስ አልትንና የፕሪንት ስክሪንን ቁልፍ ይዞ ኤስን፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዩን፣ በመጨረሻም ቢን መጫን ይቻላል። ኤስ ወደ ዲስክ ለመጻፍ ተራ የሚጠብቀውን ያስጽፋል፤ ዩ ዲስኩን ለንባብ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል፤ ቢ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ያስነሣል። ይህ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍን አይመልስም፤ ፋይሎቹ ግን እንዳይበላሹ፣ መዝገቡም እስከ መጨረሻው እንዲጻፍ ዕድል ይሰጣል። አንዳንድ ሲስተሞች ይህን ፈቃድ ስለሚገድቡ ችግር ሳይደርስ በፊት መፈተሽ ብልህነት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ቀስቱ ቆሟል፤ ሰዓቱ ግን ይሄዳል፤ የካፕስ ሎክ መብራትም ትታዘዛለች። ኮንትሮልንና ኤስን ተጭና ምዕራፉን አስቀመጠች፤ ሰዓቱን በደብተሯ ጻፈች፤ ከዚያም ማውሱን ነቅላ በሌላ ፖርት ሰካችው፤ ቀስቱም ተንቀሳቀሰ። ማታ መዝገቡን ስትከፍት በዚያችው ደቂቃ -71ን ታገኝ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የላላውን ፖርት አትጠቀምበትም። ያደረገችው የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው ነገር አይደለም። በፊዚክስና በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በየሳምንቱ የምንሠራው ነው፤ ማስተዋል፣ መመዝገብ፣ መገመት፣ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ መፈተን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት አባቶቻችን ማውስን ባያውቁም ዘዴውን አሳምረው ያውቁት ነበር።